ማካፈሉ ትክክል፣ ደረጃው ስህተት፦ የአንድ የግንባታ ሥራ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ በተቆጣጣሪነት በተመደብኩበት አንድ ሕንፃ ላይ ስለደረሰ የ6 ሴንቲ ሜትር ስህተት ነው። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ስህተቱ የወደቀው ሰው በየቀኑ በሚረግጠው ደረጃ ላይ ስለሆነ ቀላል አልነበረም። እንድመዘግበው ያነሣሣኝ ግን ከጉዳቱ ይልቅ አመጣጡ ነው፤ ሜትሩ በትክክል ተነብቧል፣ ቁጥሩ በትክክል ተካፍሏል፣ ውጤቱም በሁለት ሰው ታይቶ ልክ ነው ተብሏል። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። በሥራ ቦታ ስለሚያስፈልግ ሒሳብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ነው፤ እዚህ ላይ ግን እነዚህ ሁሉ ደህና ነበሩ፣ የተሳሳተው ለማካፈል የተመረጠው ቁጥር ነበር። የሰዎቹን ማንነትና ሥራው የተሠራበትን ቦታ አልጠቀስኩም፤ ልኬቶቹን ያቀረብኩት ግን በጊዜው በማስታወሻዬ በያዝኳቸው መሠረት ነው።

ዳራ

ሕንፃው ምድር ወለልና አንድ ፎቅ ያለው ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኘው በመሃሉ ማረፊያ ያለው የአርማታ ደረጃ ነበር። ንድፉ ንጣፉ ካለቀለት ምድር ወለል እስከ ንጣፉ ያለቀለት ፎቅ ድረስ ያለውን ቁመት 3.24 ሜትር ይለዋል። ይህ ቁመት ለ18 ይካፈልና እያንዳንዱ እርከን 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ ዘጠኙ እርከኖች ከማረፊያው በታች፣ ዘጠኙ በላይ ናቸው። የመርገጫው ስፋት 28 ሴንቲ ሜትር ነው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስቀመጠውና እስካሁን የሚሠራበት ደንብ የከፍታው እጥፍና የመርገጫው ስፋት ሲደመሩ ከአንድ የሰው እርምጃ ጋር ይመጣጠኑ ይላል፤ እሱ የወሰደው እርምጃ በዛሬ መለኪያ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ደረጃ ሁለት ጊዜ 18 ሲደመር 28፣ ማለትም 64 ሴንቲ ሜትር ነበር።

ደረጃውን የያዙት አናጺ በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ንድፍ ማንበብ የሚችሉና ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። የካሳፎርማውን (አርማታው የሚሞላበትን የጣውላ ቅርጽ) ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከፎቁ ሶሌታ (የወለሉ ጠፍጣፋ አርማታ) ጠርዝ ቱንቢ (ቁልቁል ቀጥታን የሚያሳይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ጥለው እስከ ምድሩ አርማታ ያለውን ቁመት ለኩ። 3.30 ሜትር ሆነ። ደግመው ለኩት፤ ያው ነው። ለ18 ሲያካፍሉት 18.33 ሴንቲ ሜትር ስለመጣላቸው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ መጡ፤ ንድፉ 18 እያለ የእሳቸው 18.33 መሆኑ ሳያሳስባቸው አልቀረም።

እኔም በሒሳብ ማሽን አካፈልኩት፤ 18.33 ልክ ነው። በእያንዳንዱ ግማሽ ዘጠኝ ከፍታና ስምንት መርገጫ መኖሩንም ቆጠርኩ፤ የመጨረሻው ከፍታ የሚያወጣው ወደ ማረፊያው ስለሆነ መርገጫው ምንጊዜም ከከፍታው በአንድ እንደሚያንስ ብዙ ጀማሪ ይዘነጋዋል። ትርፉ 6 ሴንቲ ሜትር ሶሌታው ሲሞላ ጥቂት ከፍ ብሎ የመጣ ነው ብዬ ገመትኩ፤ ለ18 እርከን ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ስለሚደርስ ችግር የለውም ብዬ ፈረምኩ። የታችኛው ግማሽና ማረፊያው አርማታ ተሞላ።

ስህተቱ እንዴት ታየ

ያገኘው የሴራሚክ ሠራተኛው ነው። የካሳፎርማው ጣውላ ከተነሣ በኋላ የምድር ወለሉን ሥራ ሊጀምር መጣና እንደ ሙያው ልማድ በመጀመሪያ የአንድ ሜትር መስመር አወጣ፤ ይህም በውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ እየታገዘ በግድግዳው ሁሉ ዙሪያ የሚሰመር፣ ንጣፉ ከሚያርፍበት ቦታ ልክ አንድ ሜትር ከፍ ያለ አግድም መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የሚለካው ከዚህ መስመር ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ነው።

መስመሩን ወደ ደረጃው ሲያደርሰው ከመስመሩ እስከ መጀመሪያው እርከን አርማታ ለካ። 91 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ሆነ። የእርከኑ እብነ በረድ ከነማጣበቂያው 4 ሴንቲ ሜትር ስለሚይዝ 87.7 ይቀራል፤ ከመስመሩ እስከ ወለሉ ንጣፍ ግን 100 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርከን ከፍታ 12.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ ደግሞ 18.3። ጠርቶ አሳየኝ፤ ያደረገው ሁለት መቀነስ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ የከፍታ ልዩነት ለምን አደገኛ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ሰው ደረጃ ሲወጣ እያንዳንዱን እርከን እያየ አይረግጥም፤ እግሩ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት እርከኖች የተማረውን ከፍታ ይደግማል። ጫማው የእርከኑን ጠርዝ የሚያልፈው በጥቂት ልዩነት ስለሆነ ሁለተኛው እርከን ከመጀመሪያው 6 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ እግር ይመታል። ሲወርድም መሬቱ ከጠበቀው ቀድሞ ይመጣበታል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሕንፃ ደንብ በአንድ ተከታታይ የእርከን መስመር ውስጥ በትልቁና በትንሹ ከፍታ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 9.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእኛ 60 ሚሊ ሜትር ነበር።

6 ሴንቲ ሜትሩ ከየት መጣ

ሶሌታው ከንድፉ አልበለጠም ነበር። በንድፉ መሠረት የምድሩ ወለል እርጥበት መከላከያውን፣ ከንጣፉ ሥር ያለውን የሲሚንቶ ልስን ማለትም ሊሾውንና ንጣፉን ጨምሮ በአርማታው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ የፎቁ ወለል የሚጨምረው ግን 4 ብቻ ነው። ንድፉ የሚለው 3.24 ከንጣፍ እስከ ንጣፍ ሲሆን አናጺው የለኩት 3.30 ከአርማታ እስከ አርማታ ነበር። 3.24 ሲደመር 0.10 ሲቀነስ 0.04 ልክ 3.30 ይሰጣል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያዩ ነገሮች ነው።

ትክክለኛው አሠራር እርከኑን በንጣፉ ላይ አካፍሎ ከዚያ ወደ አርማታው መመለስ ነበር። እንዲህ ቢደረግ የመጀመሪያው እርከን አርማታ 24 ሴንቲ ሜትር (10 ሲደመር 18 ሲቀነስ 4)፣ የቀሩት 17 እርከኖች እያንዳንዳቸው 18 ይሆኑ ነበር፤ ድምሩም ያው 330 ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሥራው ሲያልቅ ደረጃው እኩል እንዲሆን አርማታው ላይ እኩል መሆን አልነበረበትም። ይህ ለዓይን ስህተት ይመስላል፤ ከካሳፎርማው ፊት የቆመ ሰው እኩል የሆነውን ትክክል፣ እኩል ያልሆነውን ጉድለት አድርጎ ማየቱ አይቀርም።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ የ6 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ራሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አለማየቴ ነው። አናጺው ቁጥሩ ከንድፉ ጋር አልገጥም ብሏቸው መጥተው ነበር። ያደረግኩት ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሳይሆን ልዩነቱን በ18 ላይ በትኖ ማሳነስ ነበር፤ የተበተነ ስህተት ደግሞ የጠፋ ይመስላል።

ያልሠሩ መፍትሔዎች

የመጀመሪያው ሐሳብ የወለሉን ንጣፍ ከ10 ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ማሳነስ ነበር። በስሌት ደረጃ ችግሩን ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ነገር ግን የበሮቹ ጉበኖች፣ የመታጠቢያ ክፍሉ የፍሳሽ አፍና የውጭው መግቢያ ሁሉ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ተመሥርተው ስለተሠሩ አንዱን ደረጃ ለማዳን የወለሉን ሥራ በሙሉ ማበላሸት ይሆን ነበር። ተተወ።

ሁለተኛው አርማታውን አፍርሶ እንደገና መሙላት ነበር። ብረቱን ሳይጎዱ ማፍረስ አስቸጋሪና ብዙ ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ለመጨረሻ አማራጭነት አቆየነው።

ሦስተኛው የመጀመሪያውን እርከን ብቻ በ6 ሴንቲ ሜትር ማሳደግ ነበር። ይህን ያቀረበው ግንበኛው ነው፤ ሁለተኛው እርከን ከመጀመሪያው ላይ ሲለካ 12.3 ብቻ እንደሚሆን በወረቀት ስንሥለው እሱ ራሱ ቀድሞ አየው። ችግሩ ከአንድ እርከን ወደ ቀጣዩ ይዘዋወራል እንጂ አይጠፋም።

የተከተልነው ስሌት

የሚነካውንና የማይነካውን ለየን። ማረፊያው ተሞልቷል፤ አርማታው ከምድሩ አርማታ 165 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ንጣፉ ሲጨመር 169፣ ካለቀው የምድር ወለል ሲለካ ደግሞ 159 ይሆናል። ይህ ቁጥር ሊለወጥ አይችልም። 159 ለ9 ሲካፈል 17.67 ነው። ከማረፊያው እስከ ፎቁ የቀረው 165 ነው፤ ያም ለ9 ሲካፈል 18.33 ይሰጣል፤ ይህ ግማሽ ደግሞ ገና አልተሞላም።

ስለዚህ የታችኛው ግማሽ ሁሉ 17.67፣ የላይኛው ግማሽ ሁሉ 18.33 ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ግማሽ ውስጥ ልዩነት የለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም የሚመጣው ሰው በማረፊያው ላይ ተራምዶ ዞሮ አዲስ ከጀመረ በኋላ ነው። የብሎንዴል ድምር ለታችኛው 63.3፣ ለላይኛው 64.7 ይሆናል። ሁለቱም ምቹ ናቸው።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ እርከን አርማታ ላይ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት አሰላሁ። ውጤቱ በመጀመሪያው 5.33፣ በሁለተኛው 4.67፣ በሦስተኛው 4.00፣ እንዲህ እያለ በእያንዳንዱ እርከን በ0.67 እየቀነሰ በስምንተኛው 0.67 ሆነና ማረፊያው ላይ ዜሮ ደረሰ። ይህን ሳይ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ፤ ምክንያቱም ሁሉም ቁጥር መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም፣ አንድም ቦታ አርማታ መጥረብ አያስፈልግም። የስምንቱ ድምር 24 ሴንቲ ሜትር ነው። ደረጃው 1.20 ሜትር ስፋት ስላለው 0.24 በ0.28 በ1.20 ሲባዛ 0.08 ሜትር ኩብ ገደማ ተጨማሪ ድብልቅ ይሆናል፤ ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም በታች ነው። ይህንንም ንድፉን ለሠራው መሐንዲስ አቅርበን ደረጃው ተጨማሪውን ክብደት እንደሚችል ካረጋገጠልን በኋላ ሥራው ተጀመረ። የአርማታው ገጽ በመሮ ሻካራ ተደረገ፣ ታጠበ፣ የሲሚንቶ ውሃ ተቀባ፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑት ጭማሪዎች ለብቻቸው ሳይሞሉ በእብነ በረዱ ማጣበቂያ ውስጥ እንዲካተቱ ተወሰነ።

ቁጥሩን ወደ አርማታው ማውረድ

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። ቁጥሮቹን ባለሁለት አሃዝ አሥርዮሽ ሰንጠረዥ አድርጌ ለግንበኛው ሰጠሁት። በሜትር ላይ 17.67 የሚባል ምልክት የለም፤ ስለዚህ ለሥራ እንዲመቸው 17.5 አድርጎ እያንዳንዱን እርከን ከበታቹ ካለው እርከን ላይ እየለካ ወጣ። አራተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ከአንድ ሜትሩ መስመር ለካሁ። 70.67 መሆን የነበረበት 70 ሆኗል፤ 7 ሚሊ ሜትር ጎድሏል። እንዲህ ቢቀጥል ስምንተኛው 140 ላይ ይደርስና ወደ ማረፊያው የሚያወጣው የመጨረሻው ከፍታ 19 ሴንቲ ሜትር ይሆን ነበር። ከአንድ እርከን ላይ የተቆረጠችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስምንት ጊዜ ተደምራ መጨረሻ ላይ ትከማቻለች። ገና ያልደረቀውን ድብልቅ አስነሣነው።

መፍትሔውን ያመጡት አናጺው ናቸው። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ረዘም ያለ ኮምፔንሳቶ (ከስስ እንጨቶች ተነባብሮ የተሠራ ጣውላ) አስመጡ፤ በላዩም በስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን ማውጫ) አንድ መስመር ከታች፣ ሌላ ትይዩ መስመር ከላይ አሰመሩ፤ በመካከላቸው ልክ 159 ሴንቲ ሜትር አለ። ከዚያ ሜትሩን ቀጥ አድርገው በመያዝ ፈንታ አጋደሉት፤ ዜሮው በታችኛው መስመር ላይ፣ 162 የሚለው ደግሞ በላይኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ጎን ገፉት። ሜትሩ ወደ ጎን የሄደው 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 162 ለ9 ሲካፈል ልክ 18 ስለሆነ በ18፣ በ36፣ በ54፣ በ72 እያሉ እስከ 144 ስምንት ነጥቦች በእርሳስ ነጠቡ፤ ከየነጥቡም በስኳድራ አግድም መስመር እስከ ጣውላው ጠርዝ አወጡ። በጠርዙ ላይ 159 ለዘጠኝ እኩል ተከፍሏል። አሥርዮሽም፣ ማጠጋጋትም አልነበረም።

ዘዴው የሚሠራው ትይዩ መስመሮች ሁለት ሌሎች መስመሮችን ሲቆርጡ በተመሳሳይ ንጽጽር ስለሚከፍሏቸው ነው፤ በብዙ አገሮች የትምህርት መጻሕፍት ይህ እውነታ በታሌስ ስም ይጠራል። አናጺው ይህን ስም አያውቁትም። እኔ ደግሞ ቲዎረሙን በትምህርት ቤት አረጋግጬ ፈተና ያለፍኩበት ብሆንም ደረጃ ለማካፈል እንደሚያገለግል አስቤው አላውቅም ነበር። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ይህን መሰል ነገር በልጆች ላይ አሳይቷል፤ በመንገድ ዳር የሚሸጡ ልጆች በንግዳቸው መሃል ሲጠየቁ 98 ከመቶ ያህሉን በትክክል የመለሱ ሲሆን ተመሳሳይ ስሌት በወረቀት ላይ እንደ ትምህርት ቤት ልምምድ ሲቀርብላቸው ግን ትክክል የሆነው 37 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ጣውላውን ካየሁ በኋላ ሰንጠረዤ ለምን እንዳልሠራ ገባኝ፤ ስሌቱን በወረቀት ቋንቋ ትቼው ነበር፣ ግንበኛው ደግሞ የሚያስፈልገው ምልክት ያለበት ጠርዝ ነበር።

ጣውላው ግርጌው ካለቀው የምድር ወለል ንጣፍ ቁመት ጋር እንዲገጥም ከአንድ ሜትሩ መስመር ተለክቶ በደረጃው አጠገብ ቆመ። እያንዳንዱ እርከን ከጣውላው በውሃ ልክ ተወሰደ፤ አንዱ እርከን ከሌላው ላይ አልተለካም። ለላይኛው ግማሽ በ165 ቁመት ሌላ ጣውላ ተሠራ፤ የዚህ ግማሽ ካሳፎርማም ከመሞላቱ በፊት በእሱ ተስተካከለ።

ውጤቱ

እብነ በረዱ ከተነጠፈ በኋላ 18ቱን ከፍታዎች አንድ በአንድ ለካሁ። በታችኛው ግማሽ በትልቁና በትንሹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር፣ በላይኛው 4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተገኘ። ያልተስተካከለው የሁለቱ ግማሾች ልዩነት ነው፤ ንድፉ አንድ ወጥ 18 ነበር፣ የተሠራው 17.67 እና 18.33 ነው። ደኅንነትን አይነካም፤ ሆኖም ከንድፉ የወጣ ሥራ ስለሆነ በርክክቡ ሰነድ ላይ ከነምክንያቱ ተጽፏል። ተጨማሪው ሥራ ግንበኛውንና አናጺውን አራት ቀን ይዟል።

ወደ ሌሎች ሥራዎች የሚሻገረው

ይህን ጉዳይ ለሌሎች ባለሙያዎች ስነግር ሁሉም የራሳቸውን ንጣፍ ያነሡልኛል። ለልብስ ሰፊ ንጣፉ የስፌቱ ትርፍ ነው፦ ወገቡ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለስድስት ቁራጭ ጉርድ ቀሚስ 80 ለ6 ተካፍሎ ብቻ ቢቆረጥ፣ በየቁራጩ ግራና ቀኝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ስፌት ስለሚገባ 18 ሴንቲ ሜትር ጠፍቶ ወገቡ 62 ይሆናል። ማካፈሉ እዚያም ትክክል ነው።

ለነርስ ደግሞ የጠብታው መጠን ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ሲታዘዝ፣ አንድ ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ በሚሰጥ ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ያስፈልጋል፤ በ15 ጠብታ በሚሰጠው ግን 31። የቱቦው ዓይነት ተለውጦ ነርሷ በልምድ የያዘችውን 42 ብትቀጥል ፈሳሹ በ8 ሰዓት ፈንታ በ6 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ጠብታዎቹን የቆጠረችው ያለ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ለውጡ የተጻፈው ግን በቱቦው ማሸጊያ ላይ ነው።

በእኛ ሥራ ላይ ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል። በመቆጣጠሪያ ቅጹ ላይ ከማንኛውም ልኬት ጎን «ከየት እስከ የት» የሚል ቦታ ተጨምሯል፤ ከንጣፍ ወይስ ከአርማታ የሚለው ሳይሞላ ፊርማ አይደረግም። የተለካው ከንድፉ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በቁጥር እስኪገለጽ ድረስ ሥራው አይቀጥልም፤ 6 ሴንቲ ሜትር ከጠፋ 10 ሲቀነስ 4 የሚል መልስ መገኘት አለበት፣ «ሶሌታው ትንሽ ከፍ ብሎ ይሆናል» አይበቃም። ሦስተኛው በሥራ ቅደም ተከተል ላይ የተደረገ ለውጥ ነው። ቀድሞ የሴራሚክ ሠራተኛው የሚመጣው አርማታው ከደረቀ በኋላ ነበር። አሁን የደረጃው ካሳፎርማ ከመሠራቱ በፊት ለግማሽ ቀን ይጠራል፤ በሁለቱም ወለል የአንድ ሜትሩን መስመር ያወጣል፣ አናጺውም ቱንቢያቸውን የሚጥሉት ከዚያ መስመር ነው።